የአባታችንን ሞት ደብቀን የታሰረ ወንድሜን እየጠየቅኩት ነው። እስከ መቼ?

ባለ ስንቋ፦

ሰላም ቤተሰብ። እስከ ዛሬ እያነበብኩ ብቻ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን የማማክረው ሰው አጣሁ። ረዘም ይላል፣ ይቅርታ።

ታናሽ ወንድሜ ታስሯል። ሰባት ዓመት ነው የተፈረደበት፣ ቀጠሮ ላይ ያሳለፈው ተደምሮ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በምን እንደሆነ ልተወው። ጥፋቱን እሱም አምኗል፣ እኛም አልካድንም። አዲስ አበባ እያለ ነገሩ ቀላል ነበር። እማዬ በጠዋት ትሠራለች፣ አባዬ ወይ እኔ ታክሲ ተሳፍረን እናደርሳለን፣ ለምሳ ቤታችን ነን። ከተፈረደበት በኋላ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። የት እንደሆነ አልጠቅስም። አሁን አንድ ጥየቃ ማለት ድፍን አንድ ቀን ነው፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቼ፣ ሁለት መኪና ቀይሬ፣ ተሰልፌ፣ ተፈትሼ፣ በሶውን በማንኪያ እስከ ታች አማስለው፣ ሳሙናውን ለሁለት ቆርጠው፣ ወጡን "ቅመሺው" ብለውኝ ቀምሼ፣ ከዚያ በሽቦ ማዶ ሃያ ደቂቃ ካገኘሁ ጥሩ ነው። ይሄን እንኳ ለምጄዋለሁ። የመጣሁበት ጉዳይ ሌላ ነው።

አባዬ ሞተ። አራት ወር ሆነው። ግፊት ነበረበት፣ ማታ ደህና አምሽቶ ጠዋት አልተነሳም። ገና ከቀብር እንደተመለስን አጎቴ "ለእስረኛ መርዶ አይነገርም፣ እዚያ ውስጥ ማን ያጽናናዋል? ራሱን ቢጎዳስ?" አለ። ሽማግሌዎቹም አዎ አሉ። እማዬን ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም ያኔ የምትመልስበት አቅም አልነበራትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ልክ መስሎኝ ነበር።

አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። ከቤት ስወጣ ጥቁር ለብሼ ነው። መናኸሪያ ስደርስ ሽንት ቤት ገብቼ ጥቁሩን አወልቅና ቀይ ሹራብ እለብሳለሁ። ስመለስ ደግሞ እዚያው ገብቼ መልሼ ጥቁሬን። ሽንት ቤቱን የምትጠብቀው ሴትዮ ልብሴን ታስቀምጥልኛለች። አንድ ቀን "ልጄ፣ ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?" አለችኝ። ሳቅም ለቅሶም መጣብኝ።

ጥየቃው ራሱ ተበላሽቷል። ድሮ ፖሊሱ "ሰዓት አልቋል" እያለ ነበር የሚያባርረን። አሁን እኔ ነኝ "መኪና ያመልጠኛል" ብዬ ቀድሜ የምሄደው። አባዬስ ሲለኝ "ፀበል ገብቷል፣ ሩቅ ነው፣ ስልክ አይገባም" እለዋለሁ። አራት ወር ፀበል! በስልክማ ይባስ። በሳምንት አንዴ ይደውላል፣ ከኋላው ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሲያጉረመርሙ ይሰማኛል። እማዬ ስልኩን አትቀበልም፣ ድምፁን ከሰማች እንደምታለቅስ ታውቃለች። ስለዚህ እሷንም "ገበያ ወጥታለች፣ ቤተ ክርስቲያን ናት" እያልኩ ነው።

ያለፈው ጊዜ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። አባዬ በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። የወንድሜን ስንቅ የሚቋጥረው እሱ ነው፣ ሸራ እንደሚያስር ነበር የሚያስረው። አራቱን ጫፍ ወደ መሃል ሰብስቦ፣ አንዷን ጫፍ በሌሎቹ ስር ሁለት ጊዜ አዙሮ ያወጣታል። በየትኛውም መንገድ ቢወረወር አይፈታም፣ አንዷን ጫፍ ሳብ ካደረግሃት ግን በአንዴ ይለቃል። እኔ ተራ ቋጠሮ ነው የማውቀው። ወንድሜ ስንቁን ተቀብሎ ጨርቁን አየው፣ ከዚያ ቀና ብሎ "ይሄን ማን ነው የቋጠረው?" አለኝ። "እኔ" አልኩት። ምንም አልመለሰም። የዚያን ቀን እሱም ቶሎ ገባ።

እና ጥያቄዬ ልንገረው ወይስ ልጠብቅ ነው። ከነገርኩትስ በሽቦ ማዶ፣ ሰው መሃል፣ በሃያ ደቂቃ እንዴት ብዬ ነው?


እትዬ ዘነቡ፦

ልጄ፣ እግዜር ያጥናችሁ። አባትሽን ነፍሳቸውን ይማር።

እኔ ግን አትንገሪው ባይ ነኝ። የኔም ልጅ ሦስት ዓመት ታስሮ ነበር። ያሳደገችው አያቱ የሞተችው እሱ ውስጥ እያለ ነው። አልነገርነውም። የተፈታ ዕለት ቤት አስገብተን፣ እግሩን አሳጥበን፣ እህል አቅምሰን፣ በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ዘመድ ተሰብስቦ ነገርነው። አለቀሰ፣ ግን በሰው መሃል ነው፣ በእናቱ ጭን ላይ ነው። እዚያ ግን ማታ በር ይዘጋበታል። እኔ እናት ስለሆንኩ ከዚያ በላይ ማሰብ አልቻልኩም።

እናትሽን ግን ይዘሻት ሂጂ። እኔ ለሦስት ዓመት ስጠይቅ ፊቴን ታጥቤ ኩል ተኳኩዬ ነበር የምሄደው። ይቻላል።


ድሮ ውስጥ፦

በመጀመሪያ ነፍስ ይማር።

ከእትዬ ዘነቡ ጋር አልስማማም፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ። አምስት ዓመት ታስሬያለሁ፣ ሁለቱን ዓመት የክፍላችን ካቦ፣ ማለትም የክፍሉ ታራሚዎች አለቃ ነበርኩ። ከውስጥ በኩል ምን እንደሚመስል ልንገርሽ።

የጥየቃ ቀን ሰው ከሌሊት ጀምሮ ነው የሚዘጋጀው። ፂሙን ይላጫል፣ ሸሚዝ የሌለው ይዋሳል። እኔ ሦስት ሰው በተራ የለበሳት አንዲት ሰማያዊ ሸሚዝ ነበረችኝ። ከዚያ ስም ሲጠራ ጆሮ ነው። "ጠያቂ መጥቶልሃል" ሲባል ሌላው ሁሉ ያይሃል። ስምህ ካልተጠራ ደግሞ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ የወሰደህ መስለህ ትተኛለህ። እና ያቺን ሃያ ደቂቃ ሳምንቱን ሙሉ ነው የምናመነዥጋት። እህቴ ምን አለች፣ ስትል ወዴት አየች፣ "ደህና ነን" ስትል ድምጿ ለምን ቀጠነ። ሌላ ሥራ የለንማ! ውጭ ያለ ሰው ውሸቱን የሚዋሸው ለሥራ ፈት መርማሪ እንደሆነ አያውቅም። አንቺ ቀዩን ሹራብ ስንት ጊዜ ነው የለበስሽው? አራት ወር ሙሉ አንድ ሹራብ ከሆነ እሱ ቆጥሮታል።

የሚደበቅ ነገር እንዳለማ አውቋል፣ ያቺን ቋጠሮ ያየ ዕለት አልቋል። ያላወቀው ምን እንደሆነ ነው። ይሄ ደግሞ ከመርዶው ይብሳል፣ ምክንያቱም እዚያ ውስጥ ያለ ሰው ያልተነገረውን ነገር ራሱ ይሞላዋል፣ ሲሞላውም ሁልጊዜ በራሱ ላይ አድርጎ ነው።

አነጋገሩን በተመለከተ። በሽቦ ማዶ እንዳትነግሪው። በስልክማ በፍጹም። አጎትሽ "ማን ያጽናናዋል" ያሉት ውስጡን ስለማያውቁት ነው። እኔ ካቦ እያለሁ አንድ የክፍላችን ልጅ እናቱ ሞታ ዘመዶቹ መጡ። መጀመሪያ ለማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ነገሩ፣ ኃላፊው እኔንና ሁለት ሽማግሌ ታራሚዎችን አስጠርቶ ነገረን። ያን ቀን ዝም አልን። ስንቁ ገባለት፣ በላ። በነጋታው ማለዳ፣ ቆጠራ አልቆ በሩ እንደተከፈተ፣ አንዱ የሰፈሩ ሰው የሆነ አዛውንት ክንዱን ይዞ አስቀመጠውና ነገረው። ማለዳ የሆነው ለምን መሰለሽ፣ ቀኑ ሙሉ ከፊቱ አለ፣ ግቢ ወጥቶ መሄድ ይችላል፣ ሰው እየመጣ አብሮት ይቀመጣል። ማታ ከሆነ በሩ ተዘግቶ ከራሱ ጋር ነው። ፍራሽ መሬት ላይ ዘረጋን። ቡና ከየክፍሉ ተዋጣ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሦስት ቀን አብሮት ተቀመጠ። አንድ በጭራሽ ሰው የማያናግር ሽማግሌ ነበረ፣ መጥቶ ምንም ሳይናገር የልጁን ልብስ አጥቦለት ሄደ። ለቅሶ መድረስ እዚያም አለ እህቴ። ምናልባትም ከውጭው ይሻላል፣ ቸኩሎ የሚሄድ ሰው የለማ።

ስለዚህ ብቻሽን አትሂጂ። አጎትሽንም ይዘሽ ሂጂ፣ እሳቸው ናቸው የደበቁት፣ እሳቸው ቢነግሩት ይሻላል።

ሌላ ሌላ። ቆላ ከሆነ አጎበር ላኪለት፣ ዝዋይም ሸዋ ሮቢትም ያለውን ሙቀትና ትንኝ ደጋ ያደገ ሰው አይችለውም። ወጥ ያን ያህል መንገድ አትሸከሚ፣ ይበላሽብሻል። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ ይበቃል፣ የቀረውን ብር በስሙ አስገቢለት። ስትሄጂ ቀኑን ቆርጠሽ ንገሪው። "ሰሞኑን እመጣለሁ" የሚባለውን ነገር እጠላዋለሁ፣ እኔ "ሰሞኑን" የምትለዋን ቃል ስጠብቅ ሁለት ወር የቆየሁበት ጊዜ አለ። በወር አንዴ ከሆነ በወር አንዴ፣ ግን የታወቀ ቀን ይሁን። ስታወሪው ደግሞ ትልቅ ትልቁን ብቻ አትንገሪው። ሰፈር ውስጥ ማን ቆርቆሮ ቀየረ፣ የማን ልጅ ጥርስ አወጣ፣ የትኛው ታክሲ ማቆሚያ ተነሳ። ታላቅ እህቴ ስለ ጎረቤታችን ውሻ ነበር የምትነግረኝ። ያ ውሻ ሦስት ጊዜ ጠፍቶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ክፍላችን ውስጥ አርባ ሰው "ውሻው መጣ?" እያለ ይጠይቀኝ ነበር።


ባለ ስንቋ፦

ሹራቡን ስታነሳ ደነገጥኩ። አዎ፣ ያው አንዱ ነው። ሌላ ቀለም ያለው ልብስ አልቀረኝም፣ ሁሉንም ጥቁር አስነክሬዋለሁ።

እትዬ ዘነቡ፣ ምክርሽን አልናቅኩም። ግን እኔ ሦስት ዓመት መዋሸት የምችል አይመስለኝም።


ጠበቃው፦

ነፍስ ይማር። ሐዘን ላይ ሕግ ማውራት ደስ አይልም፣ ግን ማንም ያላነሳው ነገር ስላለ ነው።

አባታችሁ ሲሞቱ ወንድምሽም ወራሽ ነው። ቤት፣ የባንክ ሒሳብ፣ ወይ ሌላ በስማቸው ያለ ነገር ካለ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ስታወጡ የሱም ስም ይገባል። ቀጥሎ ስም ለማዞርም ሆነ ለመካፈል የሱ ፊርማ ወይ ውክልና ያስፈልጋል። "ውክልና ስጠን" ስትሉት ለምን ብሎ ይጠይቃል። ከወረቀት ላይ የአባቱን ስም "ሟች" ከሚለው ቃል ጋር አይቶ መርዶውን ያነበበ ደንበኛ ነበረኝ። የሰነዶች ማረጋገጫ ባለሙያ ማረሚያ ቤት ድረስ ሄዶ የሚያስፈርምበት አሠራር አለ፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። ግን አደራ፣ ወረቀቱ ከመርዶው አይቅደም።

ሁለተኛ፣ ማን ይግባ ለሚለው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ንዑስ አንቀጽ 2 የታሰረ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዱ፣ ከጓደኛው፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘትና የመጎብኘት ዕድል አለው ይላል። የሃይማኖት አማካሪ የምትለዋን ልብ በሉ። የንስሐ አባታችሁን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ቄስ ይዘው መርዶ ሊያረዱ የመጡ ሰዎችን "አይቻልም" ብሎ የሚመልስ ኃላፊ ካጋጠማችሁ አንቀጿን ጥቀሱለት፣ ሳትጮሁ። ቀድሞ ደብዳቤ ጽፎ ማስገባት ደግሞ በር ላይ ከመከራከር ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ይሄ ለእናትሽ ነው። ሰባት ዓመት ማለት ሰባት ዓመት ላይሆን ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አመክሮ፣ ማለትም ቅጣቱን ሳይጨርሱ በገደብ መፈታትን፣ የሚፈቅደው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛው ሲፈጸም ነው፤ የሰባት ዓመት ሁለት ሦስተኛ አራት ዓመት ከስምንት ወር ይሆናል። ቀጠሮ ላይ የቆየውም ይታሰብለታል። ሁለት ዓመቱን ከጨረሰ ቀሪው ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ነው። እርግጥ በራሱ የሚመጣ ነገር አይደለም፣ መልካም ጠባይ ይታያል፣ ያደረሰውን ጉዳት የቻለውን ያህል ክሶ እንደሆነ ይጠየቃል፣ ደጋጋሚ ወንጀለኛ ከሆነም አያገኝም። ስለዚህ የበደለው ሰው ካለ ከተጎጂው ቤተሰብ ጋር ሽምግልናውን ከአሁኑ ጀምሩት። አጎትሽ ሽማግሌ መሰብሰብ የሚችሉ ከሆነ ለዚህ ይሰብስቡ።


ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። የኛ ታሪክ ትንሽ ለየት ይላል፣ ግን መደበቁ አንድ ነው።

የእህቴ ልጅ ዋሺንግተን ዲሲ ውስጥ ተፈርዶበት ነው የገባው። ዲሲ ደግሞ ለፍርደኛ የራሷ ማረሚያ ቤት የላትም፣ ሎርተን የሚባለው በ2001 ከተዘጋ ወዲህ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት የዲሲ ሰው የሚሄደው ፌዴራል እስር ቤት ነው፣ እሱም የትም ሊሆን ይችላል። የኛው ልጅ አሁን ያለበት በመኪና ስምንት ሰዓት ይወስዳል። ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት በየት በኩል ትሂድ? ስለዚህ ኑሯችን በስልክ ሆነ። በወር የተወሰነ ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈቀድላቸው፣ አንዱ ጥሪ አሥራ አምስት ደቂቃ ሲሞላው ይቆረጣል።

የመጀመሪያው ወር ላይ ልጁ "እናቴ ስልክ እየዘጋችብኝ ነው" ብሎ ለኔ ጻፈልኝ። በጣም አዝኖ ነበር። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው የተቀዳ የእንግሊዝኛ ድምፅ ነው፤ ጥሪው ከእስር ቤት ነው፣ የምትቀበል ከሆነ 5ን ተጫን ይላል። እህቴ እንግሊዝኛዋ እምብዛም ነው፣ የማጭበርበሪያ ጥሪ መስሏት "ኖ ኖ" እያለች ትዘጋዋለች! ሦስት ጊዜ ዘግታበታለች። ያኔ የቤት ስልክ ነበራት፣ 5 ቁጥሩ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፍኩላትና "ፈረንጅ ካናገረሽ ነጩን ተጫኚ" አልኳት። እስከ ዛሬ "ነጩን ልጫን" ነው የምትለው፣ አሁን ሞባይል ይዛ እንኳ።

ደብዳቤ ለምትልኩ፣ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ሊዘገይ ይችላል። የኔ አንዱ አንድ ወር ተኩል ቆይቶ ነው የደረሰው፣ የሚያነበው ሰው እስኪገኝ ይመስለኛል። አሁን እህቴ አማርኛውን ትነግረኛለች፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ እሷ ታች ላይ በራሷ እጅ "እማ" ብላ ትፈርማለች። ልጁ የሚያነበው እሱን ነው አለኝ፣ ሌላውን ያንተ እንግሊዝኛ ነው ብሎ ስቆብኛል።

እኛም ያባቱን መታመም ደብቀነው ነበር። ምን ዓይነት መልስ እንደሰጠኝ ልንገርሽ፦ "እዚህ ካስገባኝ ውሸት ሌላ ውሸት አልፈልግም።" ንገሪው እህቴ።


ሳራ ሪያድ፦

ይቅርታ ርዕስ ላበላሽ ነው። የአክስቴ ልጅ ጅዳ ተይዛለች ተባለ፣ ስልኳ ዝግ ነው፣ የት እንዳለች እንኳ አናውቅም። ስንቅ የምናደርስበት በር ያላችሁት ታደላችሁ። ከየት ይጀመራል?


ጠበቃው፦

ሳራ፣ ርዕስ አላበላሸሽም። ጅዳ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት አለ፣ ሪያድ ደግሞ ኤምባሲው። ሙሉ ስሟን በፓስፖርቷ ላይ እንዳለው፣ የፓስፖርት ቁጥሯንና መጨረሻ የታየችበትን ቦታ ይዘሽ በአካል ሂጂ ወይ ሰው ላኪ፣ በስልክ ብቻ አትመኚ። በ1963 የወጣው የቪየና የቆንስላ ስምምነት አንቀጽ 36 የተያዘ ሰው ለቆንስላው እንዲነገርለት መጠየቅ ይችላል ይላል፣ ቆንስላውም ሊጎበኘው ይችላል። ጎን ለጎን አገር ቤት ያሉት ቤተሰቦች ወደ ኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ይሂዱ፣ የተጠፋፋ ቤተሰብ የሚያገናኝ ክፍል አለው። ለብቻው ርዕስ ክፈቺ፣ እዚያ እንቀጥል።


እትዬ ዘነቡ፦

የሰማሁትን ሳስበው አደርኩ። ድሮ ውስጥ፣ ያ ልብስ ያጠበለት ሽማግሌ ነገር ከልቤ አልወጣም። ልጄን ትናንት ጠየቅኩት። ያኔ እዚያው ብንነግርህ ይሻል ነበር ወይ አልኩት። "እማ፣ ተዪው" አለኝና ወጣ። ይሄው ነው መልሱ። እናንተ እንደመሰላችሁ አድርጉ።


ባለ ስንቋ፦

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጠይቃችሁኛል።

መጀመሪያ ለእማዬ ነገርኳት፣ ይሄን ርዕስ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። "እኔን የጠየቀኝ የለም እኮ" አለች። አራት ወር ሙሉ ያንን ቃል ይዛ ነበር የተቀመጠችው። አጎቴ ተቆጣ፣ ከዚያ ጠበቃው ስለ ውርሱ የጻፈውን ሳነብለት ዝም አለ። እሱንም ጠልቼው አልነበረም፣ ፈርቶ ነው። እኔ፣ እማዬ፣ አጎቴና የንስሐ አባታችን ሆነን ሄድን። በዋዜማው ማመልከቻ አስገብተን ነበር። ኃላፊው ደህና ሰው ሆኖ ተገኘ፣ ለአባታችን ጉዳይ ነው ስንለው ሽቦው ጋ ሳይሆን አንድ ቢሮ ውስጥ አገናኘን። እና ማለዳ ነው፣ አንተ እንዳልከው፣ ሌሊቱን እዚያው ከተማ አድረን።

መናኸሪያ ልብስ አልቀየርኩም። የሽንት ቤት ጠባቂዋ ጥቁሩን እንደለበስኩ ሳልፍ አየችኝና ምንም አላለችም፣ ብድግ ብላ ቆመች ብቻ።

ወንድሜ ሲገባ እኛን በጥቁር አየን። የንስሐ አባታችን ገና አፋቸውን ሲከፍቱ "መቼ ነው?" አለ። አጎቴ ነገረው። አለቀሰ፣ እማዬ አቅፋው፣ እኔ እጁን ይዤ። ከተያዘ ጀምሮ እጁን ስይዘው የመጀመሪያዬ ነው። ሻክሯል። ሽመና ተምሯል ለካ፣ ነግሮኝ ነበር፣ እኔ በዚያ ሰሞን ለማምለጥ ስቸኩል አልሰማሁትም።

ከዚያ ትንሽ ሲረጋጋ የተናገረውን ነው ልጽፍላችሁ የፈለግኩት። ሞቷል ብሎ አላሰበም። "ተቆጥቶኝ የተወኝ መስሎኝ ነበር" አለ። ቋጠሮውን ሲያይ "አባዬ ከእንግዲህ ስንቅህን አልቋጥርም አለ ማለት ነው" ብሎ ነው የገባው። እማዬም ስልክ የማታነሳው አባዬን ደግፋ መስሎት። አራት ወር ሙሉ የአባቴ ልጅ አይደለሁም ብሎ ነው የተኛው። አጎቴ ይሄን ሲሰማ ተነስቶ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ሲለይ ደግሞ ካቦው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀው ነበር፣ ነጠላ የመሰለ ነገር ይዞ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላየሁም። ባለፈው ቅዳሜ ሲደውል እማዬ አነሳችው። ስድስት ደቂቃ አወሩ፣ ከስድስቱ አራቱን ስለ በርበሬ ዋጋ ነው ያወሩት። ከኋላ ማንም አላጉረመረመም አለኝ፣ ለቅሶ ላይ ነው ብለው ተራቸውን ለቀውለታል።

ቋጠሮውን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። የእማዬን ነጠላ ጫፍ ይዞ ሁለት ጊዜ አሳየኝ። ቤት መጥቼ ሞከርኩት፣ አልያዘልኝም።


ድሮ ውስጥ፦

እግዚአብሔር ያጥናችሁ። አጎበሩንስ አስገቡልሽ?


ባለ ስንቋ፦

አስገቡልኝ። ማሰሪያ ገመዱን ግን በር ላይ አስቀሩት፣ ገመድ አይገባም አሉኝ። በጫማ ክር አስሮታል።